በጋሽ በየነ ልደት ላይ የተሰጠ ድምፅ

የጋሽ በየነን ሞት ያረዳኝ የዕድራችን ሊቀመንበር አቶ ግርማ ነው። ከሰው ሁሉ እሱ። ሥራ ላይ ነበርኩ፤ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ሾርባ እያጠጣሁ ስልኬ ጮኸ። "እህቴ፣ ታላቅ ሰው አጣን" አለኝ፣ ስብሰባ ላይ በሚናገርበት በዚያ ድምፁ። ማንን እንደሆነ ስጠይቀው "ጋሽ በየነን" አለ። ልባቸው ነው። የሚነዱትን አውቶቡስ አቁመው፣ ቁልፉን አስረክበው፣ የራሳቸው መኪና ውስጥ ገብተው እንደተቀመጡ ቀርተዋል። ወዲያው አላለቀስኩም። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። "ታላቅ ሰው" የሚለውን ከዚያ አፍ መስማት አቃተኝና "እሺ፣ እመጣለሁ" ብዬ ዘጋሁበት።

ጋሽ በየነ አዲስ አበባ እያሉ የኅብረተሰብ ትምህርት አስተማሪ ነበሩ። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ከዴንቨር አጠገብ ወዳለችው ኦሮራ ከመጡ በኋላ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዱ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የሎውሪ ሰፈርን ልጆች የሚሰበስቡት እሳቸው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ በሐምሌ ሙቀት እንኳ ሹራባቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ቻምበርስ ሮድ ላይ ባለች ጠባብ አፓርትማ ከአንድ ልጃቸው ከሊዲያ ጋር ይኖሩ ነበር። የሊዲያ እናት ከእሳቸው ተለያይታ ሲያትል ሌላ ትዳር ይዛለች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ሰዎችን ያስተምሩ ነበር። እኔም ያለፍኩት በእሳቸው እጅ ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ዛሬ አሜሪካዊ ነኝ ከሚለው ሰው አብዛኛው እንደዚያው ነው።

አስተማመራቸው የራሳቸው ነበር። ሰሌዳ ስላልነበረን የሙዝ ካርቶን ገነጣጥለው ጀርባው ላይ ይጽፉልን ነበር። ጥያቄ ጠይቀው መልስ ሲጠብቁ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ስጠይቃቸው "ስታፍሩ እንዳላያችሁ ነው" አሉኝ። ክፍሉ ከማለቁ በፊት ደግሞ ሁላችንንም አስነሥተው የዜግነቱን መሐላ ያለማምዱናል። "ቀኝ እጅ ከፍ! ክንድ ቀጥ! እማማ አስካለ፣ ክንድዎ ታጠፈ። የታጠፈ ክንድ ግማሽ መሐላ ነው።" እማማ አስካለ በጉልበታቸው ሕመም እያቃሰቱ ቀና ይላሉ፤ እኛ እንስቃለን።

አቶ ግርማም ያኔ ከእኛው ጋር ነበር። ታክሲ ነጂ ነው። ፈተናውን መጀመሪያ ወድቋል፤ እንግሊዝኛው አልሆንለት ብሎ። ጋሽ በየነ ከሥራ ሲወጡ ታክሲዎቹ ተራ የሚጠብቁበት የኤርፖርቱ ግቢ ድረስ እየሄዱ፣ መኪናው ውስጥ አጠገቡ ተቀምጠው ያስጠኑት ነበር። ፈተናውን ያለፈ ዕለት አዳራሹ ውስጥ እስክስታ የወረዱት እሳቸው ናቸው። ይህን የምጽፈው አቶ ግርማ እንዲያነበው ነው።

ከትምህርታቸው ሁሉ የማልረሳው ግን ፈተና ላይ የማይመጣውን ነው። "ይህ ፈተና ላይ አይመጣም፤ ግን እወቁት" ብለው ይጀምሩታል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለመሆን ሠላሳ አምስት ዓመት መሙላት፣ አገሩ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት መኖርና በልደት ዜጋ መሆን ያስፈልጋል። በመሐላ ዜጋ የሆነ ሰው ሴናተር ይሆናል፣ አገረ ገዢ ይሆናል፣ ወታደር ሆኖ ይሞታል፤ ፕሬዚዳንት ግን አይሆንም።

"እኔ በሰባ ዓመቴ ፕሬዚዳንት ልሆን ነው እንዴ? ጋሽ በየነ፣ ይተዉን እስቲ" አሉ እማማ አስካለ።

"አይሆኑም እማማ። ግን የሚከለክልዎትን ማወቅ አለብዎት።"

የምርጫ ዓመት ነበር። እንደኛው በመሐላ ዜጋ የሆነ አንድ ሰው ለፕሬዚዳንትነት ልወዳደር፣ ስሜ ኮሎራዶ የድምፅ መስጫ ላይ ይግባ ብሎ ከስሶ ዴንቨር ያለው ፍርድ ቤት አይሆንም ብሎታል። ጋሽ በየነ ሰውዬውን በዓይናቸውም አላዩት፤ ሆኖም ለሳምንታት ስለ እሱ ብቻ አወሩ። "እንደሚሸነፍ ያውቅ ነበር እኮ" ይላሉ። "አይሆንም የሚለውን ከዳኛ አፍ መስማት ፈልጎ ነው። እኔ ይገባኛል።"

በዚያው ሰሞን አንድ እሑድ ወንበሮቹን በሁለት ከፈሉና በመሐላ ዜጋ የሆንን ወይም ልንሆን ያሰብን በግራ፣ በልደት ዜጋ የሆነ በቀኝ እንዲቀመጥ አዘዙ። ሁላችንም በግራ ታጨቅን። በቀኝ በኩል ባዶ ወንበር ብቻ ቀረ። ያኔ ሊዲያ አሥራ ሁለት ዓመቷ ቢሆን ነው፤ አባቷን እየጠበቀች ኋላ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። "ሊዲያ፣ ሂጂ እዚያ ተቀመጪ" አሏት።

"ዳዲ ፕሊዝ፣ ኢምባራስ እያደረግከኝ ነው።"

"ዴንቨር አልተወለድሽም?"

ፊቷ ቀልቶ ሄዳ ከባዶዎቹ ወንበሮች በአንዱ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። "አያችኋት? ከዚህ አዳራሽ ፕሬዚዳንት መሆን የምትችለው እሷ ብቻ ናት። እኛ ግን እንመርጣታለን" አሉ። አጨበጨብንላት። አቶ ግርማ ከሁላችን በላይ አጨበጨበ።

ከዚያ ስለ ራሳቸው ነገሩን። ማንም አልጠየቃቸውም። ልደት በሕግ ፊት ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ከራሳቸው የተሻለ ምሳሌ ስላጡ ነው የነገሩን። የተወለዱት አዲስ አበባ፣ እናታቸው ቤት ውስጥ ነው። እናታቸው የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። አባታቸው ለሥራ ከአስመራ የመጡ ነበሩ፤ ልጃቸው ሳያድግ ሞተዋል። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር አንድ ጠዋት በር ተንኳኳ።

"ኢትዮጵያዊ አይደለህም አሉኝ። የተወለድኩት እዚህ ቤት ነው፣ ይኸው አልጋው አልኳቸው። አባትህስ? አሉኝ። ከዚያ አውቶቡስ ላይ ጫኑኝ። አስመራ ስደርስ ደግሞ አምቼ አሉኝ፤ ኢትዮጵያ ያደገ፣ የነሱ ያልሆነ ማለት ነው። በሱዳን አድርጌ እዚህ ገባሁ። እንግዲህ በተወለድኩበት አገር ዜጋ አይደለህም ተባልኩ፤ ዜጋ በሆንኩበት አገር ደግሞ አልተወለድክም ተባልኩ። የት ሄጄ ነው ሙሉ ሰው የምሆነው?"

መልሱን ራሳቸው ሰጡት። ካርቱም ሳሉ እናታቸው አዲስ አበባ ሞተው ነበር። ሌላ ልጅ የላቸውም። ድንኳኑን የተከለው የሰፈሩ ዕድር ነው፤ ቀብሩንም ለቅሶውንም የያዘው እሱው ነው። የልጅ ወንበር ባዶ እንዳይሆን የዕድሩ ዳኛ ራሱ በጋሽ በየነ ቦታ ተቀምጦ እግዜር ያጥናችሁ የሚለውን ሁሉ ተቀበለላቸው። "መንግሥት አባትህ ማነው ሲለኝ፣ ዕድሩ የእናትህ ለቅሶ የኛ ነው አለኝ። ስለዚህ ዕድር ውስጥ ነው ሙሉ ሰው የምሆነው" አሉን። እዚህ ኦሮራም ዕድር እናቋቁም ብለው ሰው ቤት እየዞሩ የለመኑት ለዚህ ነበር። እማማ አስካለ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሰዎቻችን እንዲህ አልቅሰው የሰሙትን ነገር ነው በኋላ በጋሽ በየነ ላይ የተጠቀሙበት።

እንጂማ ከስማቸው ማንም ምንም አይለይም። አማርኛቸውም የአዲስ አበባ ልጅ አማርኛ ነው። አባታቸው የየት አገር ሰው እንደሆኑ ያወቅነው እሳቸው ስላስተማሩን ብቻ ነው።

ዓመታት አለፉ። ዕድሩ ሰፋ፤ አቶ ግርማም ግሪን ቫሊ ራንች በሚባለው ሰፈር ቤት ገዛ፣ ሱፍ መልበስ አበዛ፣ የዕድሩ ጸሐፊ ሆነ። አዲስ ደንብ ይጻፍ ተባለና የሊቀመንበሩ አንቀጽ ላይ "በልደቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ" የሚል ገባበት። ያስገባው እሱ ነው። ለምን እንዳስፈለገ ስንጠይቀው "አሜሪካን የሚያህል አገር ከጠየቀ እኛ ብንጠይቅ ምን አለበት? ነገ ማንም መጥቶ እንዳይረከበን" አለ። የት እንደተማረው ሁላችንም እናውቃለን። ጋሽ በየነ ረቂቁን አንብበው ሳቁ፤ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። "ትርጉሙን አብራችሁ ጻፉ። አሜሪካኖቹ ትርጉሙን ሳይጽፉት ቀርተው ነው እስከ ዛሬ ሰው የሚጨቃጨቀው።"

"ጋሽ በየነ ደግሞ! እኛ እኮ እንተዋወቃለን" አለ አቶ ግርማ።

ቀጥሎ በመጣው የምርጫ ዓመት ይኸው ጭቅጭቅ እንደገና ተነሣ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ካናዳ የተወለደ ነው፤ እናቱ ግን አሜሪካዊት ናት። ይችላል ወይስ አይችልም? ሥራ ቦታ ፈረንጆቹ ይከራከራሉ፣ ታክሲዎቹ ግቢ ውስጥ የኛ ሰዎች ይከራከራሉ። አቶ ግርማ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ በየነን አዳራሹ በር ላይ ይዞ ጠየቃቸው፤ እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ። ሕገ መንግሥቱ በልደት ዜጋ ይላል እንጂ ምን ማለት እንደሆነ አይናገርም አሉት። አብዛኛው የሕግ ሰው የሚለው ግን ያለ መሐላ፣ ከተወለደባት ሰዓት ጀምሮ ዜጋ የሆነ ማለት ነው። እዚህ አፈር ላይ የተወለደም ይሆናል፤ ውጭ አገር ከአሜሪካዊ ወላጅ የተወለደም በሕጉ መሠረት ይሆናል። "ወይ አፈሩ፣ ወይ ደሙ። አንዱ ይበቃል" አሉት። አቶ ግርማ ራሱን እየነቀነቀ ሰማቸው።

ከፋሲካ በፊት የዕድሩ ምርጫ ደረሰ። እጄን አውጥቼ ጋሽ በየነን ለሊቀመንበርነት የጠቆምኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ቢሆንም እጠቁማቸው ነበር። ሰው ሲሞትብን ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስ፣ ከሁሉ በኋላ የሚሄድ እሳቸው ናቸው፤ ከዚህ በላይ ምን መመዘኛ አለ? ሌላው ዕጩ አቶ ግርማ ራሱ ነበር። ጋሽ በየነ ጥቆማውን ሲሰሙ እንደ ልጅ ፈገግ አሉ። ያን ያህል እንደሚፈልጉት እስከዚያች ደቂቃ አላወቅሁም ነበር።

አቶ ግርማ ደንቡን ይዞ ተነሣ። "ጋሽ በየነ፣ በጣም ነው የምናከብርዎት። ግን ሩል ሩል ነው። አንቀጹ በልደቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ይላል።"

"አዲስ አበባ ተወለድኩ። ከዚህ የበለጠ ልደት አለ?"

"ራስዎ አይደሉ ያስተማሩን? ካናዳ የተወለደውን ሰውዬ ያሳለፈው ደሙ ነው። ዋናው ደም ነው ማለት ነው። የእርስዎ አባት ደግሞ... ራስዎ ነግረውናል።"

ጋሽ በየነ አልተቆጡም። ክፍል ውስጥ በሚያስረዱበት ድምፅ ነው የመለሱለት። "ግርማ፣ ትምህርቱን ግማሹን ነው የያዝከው። ወይ አፈሩ፣ ወይ ደሙ ነው ያልኩህ። ለአሜሪካ አንዱ በቃ፤ ለእናንተ ሁለቱም አልበቃ አለ። አፈሩስ ይሁን፤ እናቴን የት ጣላችኋት?"

አንዱ ስልኩን ይነካካል፣ አንዱ ጣሪያውን ያያል። "ጊዜ አንፍጅ፣ ቮት እናድርግበት" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። አቶ ግርማም "ጥሩ፣ ጋሽ በየነ አንቀጹን አያሟሉም የምትሉ እጅ አውጡ" አለ።

"ልደቴ ላይ ድምፅ ልትሰጡ ነው?" አሉ ጋሽ በየነ።

ይኼኔ መነጽራቸውን አወለቁ።

እጆቹ ተነሡ። ቀኝ እጆች፤ እሳቸው ከፍ አርጉ እያሉ ያስተማሯቸው እጆች። እማማ አስካለ "ምኑ ላይ ነው?" ብለው ጎረቤታቸውን ጠየቁ፤ ጎረቤታቸው እጇን እንዳወጣች ሲያዩ እሳቸውም አወጡ። የአቶ ግርማ ክንድ ታጥፎ ነበር፤ እኔ አይቻለሁ። ተቃውመን እጃችንን ያወጣን በጣት የምንቆጠር ነን። ውጤቱ እስኪነገር ጋሽ በየነ መነጽራቸውን በሹራባቸው ጫፍ ሲወለውሉ ቆዩ። ከዚያ አደረጉትና "ውሳኔው ይከበራል" ብለው ተቀመጡ። ስብሰባው ሲያልቅ ወንበሮቹን ከሰበሰቡት ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ።

ሊዲያ ውጭ መኪና ውስጥ ትጠብቃቸው ነበር። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ወዲህ እሑድ እሑድ እሷ ናት የምትነዳላቸው። አባቷ ሲወጡ ፊታቸውን አይታ ወደ እኔ መጣች። "ምንድን ነው ቮት ያደረጉት?" አለችኝ። ስለ ሊቀመንበሩ ነው ልላት አፌን ከፈትኩና ውሸት ሆኖ ታየኝ። "በአባትሽ ልደት ላይ" አልኳት። ያልገባት መስሎኝ ነበር። ግን ወደ አባቷ ዞራ አየቻቸውና ተመልሳ መኪናው ውስጥ ገባች።

ከዚያ በኋላ ጋሽ በየነ ከዕድሩ አልወጡም። ሰው ሲሞት ይመጣሉ፣ በር አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ወንበር ያቀብላሉ። ማስተማራቸውንም አልተዉም። አንድ እሑድ የእህቴን ልጅ ይዤ ሄጄ ክፍላቸው ውስጥ ተቀመጥኩ። ስለ ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን አስተማሩ፣ ስለ ምክር ቤቱ አስተማሩ። አንዱ ተማሪ "እኛስ ፕሬዚዳንት መሆን እንችላለን?" ብሎ ጠየቀ። "ፈተና ላይ አይመጣም፣ እንለፈው" አሉ። በእሳቸው ላይ የደረሰው ነገር በሙሉ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከክፍሉ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ አለቀስኩ። ሲሞቱ ሳላለቅስ የቀረሁትም እንባዬን አስቀድሜ ስለጨረስኩት ይሆናል።

ለቅሶው የተያዘው በዚያው አዳራሽ ነው። ሞልቶ ነበር። ያን ዕለት እጁን ያወጣው ሁሉ ጥቁር ለብሶ መጥቷል። ከፊት ለቤተሰብ የሚሆኑ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ከሊዲያ በቀር የሚቀመጥባቸው ዘመድ የለም። እናቷ ከሲያትል የምትደርሰው በማግሥቱ ነው። ካህናቱ ጸሎት ካደረሱ በኋላ አቶ ግርማ በዕድሩ ስም ለመናገር ተነሣ። ስለ ትሕትናቸው ተናገረ፣ ስለ መምህርነታቸው ተናገረ፤ ኤርፖርት ድረስ እየመጡ ያስጠኑት እንደነበርም ሳያፍር ተናገረ። "ጋሽ በየነ እውነተኛ የኢትዮጵያ ልጅ ነበሩ። ዕድራችንም አስከሬናቸውን ወደተወለዱበት አፈር፣ ወደ አዲስ አበባ እንዲሸኝ ወስነናል" ብሎ ንግግሩን ጨረሰ። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ፤ "ይገባቸዋል" ያሉም ነበሩ።

ሊዲያ ተነሣች። አላለቀሰችም። ልክ እንደ አባቷ፣ በማስረዳት ድምፅ ነው የተናገረችው።

"አቶ ግርማ፣ ሶሪ፣ አማርኛዬ ጥሩ አይደለም። አባቴ እዚህ ሩም ውስጥ 'አዲስ አበባ ተወለድኩ' ብሏችሁ ነበር። አይበቃም ብላችሁ ቮት አደረጋችሁ። ሲሞት እንዴት በቃ?"

አቶ ግርማ በእጁ የያዘውን የዕድሩን ደንብ ወደ ጎኑ አወረደ። እማማ አስካለ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

"እሱ የትም አይሄድም" አለች ሊዲያ። "እዚህ ነው የሚቀበረው። እኔ የተወለድኩበት።"

ይህን ብላ ከፊት ካሉት ባዶ ወንበሮች መካከል ብቻዋን ተመልሳ ተቀመጠች። የዕድሩ ሊቀመንበር ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሟል፤ አጠገቧ ያለችውን ወንበር አየት አደረጋትና ደንቡን እንደያዘ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጠበቅሁ። ከአዳራሹ አንድ ሰው ይነሣል ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ ተነሥቼ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል አልፌ፣ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሌሎቹ ወንበሮች የዚያ ዕለት ለቅሶ እስኪበተን ድረስ ባዷቸውን ነበሩ።